በየጳጉሜው የሚሰበረው ድንጋይ

ከቤታችን በር በላይ ድንጋይ ይበቅል ነበር። ይህን የምናገረው ለማስገረም አይደለም፤ ሱሉልታ ውስጥ በእኛ ሰፈር አንድ ክረምት ያሳለፈ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከበሩና ከሁለቱ የፊት መስኮቶች በላይ እንደ ኮፍያ ጠርዝ ወደ ፊት የወጣ የኮንክሪት ሶሌታ አለን። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው በሶሌታው ስንጥቆች ሰርጎ ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ እያንዳንዱ ጠብታም ከመውደቁ በፊት ጥቂት ይንጠለጠልና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣውን ኖራ ትቶ ይወርዳል። በሐምሌ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ የነበረው ነገር በነሐሴ መጨረሻ እንደ ስንዴ አገዳ ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። አንዳንዱ ከመካከለኛ ጣቴ ይረዝም ነበር።

አባቴ ይህን ድንጋይ በየዓመቱ በጳጉሜ ይሰብረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ለዘመን መለወጫ ግቢውን ሲጠርግ፣ እርሱ መሰላሉን አቁሞ፣ መሮና መዶሻውን ይዞ ይወጣና እያንዳንዱን ነጭ ዘንግ ከሥሩ ይመታል። ስብርባሪው ደጃፉ ላይ ሲረግፍ እንደ ሸክላ ይንኳኳል። «አዲስ ዓመት ንፍጡ የተንጠለጠለበት ቤት አይገባም» ይላል። እኛ እንስቃለን፤ እርሱ ግን አይስቅም።

የማይስቅበትን ምክንያት ለመረዳት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ድንጋይ ጠራቢና ግምበኛ ነው። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎም የታወቀበት ሥራ ከመስኮትና ከበር በላይ የሚቀመጠው፣ ውሃን ከግድግዳ የሚያርቀው ድንጋይ ነው። እርሱ «ከንፈር» ይለዋል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ላዩ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ቦይ ይቆፈርበታል። ይህን ቦይ «ጉሮሮ» ይለዋል። ሰው የሚያየው ከንፈሩን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጉሮሮው ነው። «ውሃ ሰነፍ ነው» ይለኝ ነበር በልጅነቴ፤ «ጠርዙ ላይ ሲደርስ መውደቅ አይፈልግም። ተገልብጦ ከሥር እየተሳበ ይመለስና ግድግዳህን ይልሰዋል። ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ግን መሻገር ያቅተዋል። ያን ጊዜ ሳይወድ በግድ ይወድቃል።»

የገዛ ቤታችን ሶሌታ ጉሮሮ አልነበረውም። በሰው ቤት ላይ ለአንዲት ቦይ ግማሽ ቀን የሚጨነቅ ሰው በራሱ ቤት ላይ ይህን እንዴት እንደተወው ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። የአባት ስሕተት ከበር በላይ ሲሰቀል፣ ልጅ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ መግባትና መውጣት ይለምዳል።

ቦታውን የገዛነው ከአጥራችን ማዶ ከሚኖሩት አዛውንት ገበሬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ ከዚያ የተለየ መጠሪያ አልሰጣቸውም። ላም ያልባሉ፣ ድርቆሽ ይሸጣሉ፣ ገብስ ይዘራሉ። የእርሻ መሬት መሸጥም መግዛትም እንደማይፈቀድ አባቴም እርሳቸውም ያውቁ ስለነበር ብልሃት የመሰላቸውን ሁሉ አደረጉ። ውሉ ላይ ቀን አልጻፉም፤ ቀን የሌለው ወረቀት ማንንም አያስከስስም ብለው። ቤቱን ከኦቦ ባሕር ዛፎች ሥር አስጠግተው ሠሩት፤ ከመንገድ እንዳይታይ ብለው። ሶሌታውን በእሑድ ጠዋት ሞሉት፤ ደንብ አስከባሪ በእሑድ አይዞርም ብለው። ቤታችን የተወለደው ላለመታየት ነበር፤ ተሳክቶለትም ለዓመታት ሳይታይ ኖረ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ዘመን መጣ። ዋና ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ካርታ ያያይዛል የተባለው ዕቅድ ሲሰማ፣ ኦቦ ለገብስ ማሳቸው ፈሩ፤ እኛ ለቤታችን ፈራን። አንዱን ካርታ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆነን ፈራነው። ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፤ ተኩስ ተሰማ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ድንኳን የተተከለባቸው የለቅሶ ቤቶች ነበሩ። ስለ እነዚያ ቤቶች ለመናገር ከእኔ የበለጠ መብት ያላቸው ሰዎች አሉ። እኔ የምናገረው ስለ አንድ በር ነው።

ዕቅዱ ቀርቷል ከተባለ በኋላም ፍርሃቱ አልቀረም። ሰነድ የሌላቸው ቤቶች ይጣራሉ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አምስት ዓመት ከሆነው የአየር ላይ ፎቶ በፊት የተሠራ ቤት ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ይፈርሳል። ቤታችን ከፎቶው ሁለት ክረምት ይቀድማል። በፎቶው ላይ ግን በእኛ ቦታ የሚታየው የኦቦ ባሕር ዛፎች ጫፍ ብቻ ነበር። ውሉን ብናወጣ ቀን የለውም። ቀኑን እንዲመሰክሩ ኦቦን ብንጠራ ደግሞ መሬት መሸጣቸውን በገዛ አንደበታቸው ማመናቸው ነው፤ በዚያ ወቅት መሬት ሸጠ የተባለ ገበሬ በሕግ ፊትም በጎረቤት ፊትም የሚጠብቀው መልካም ነገር አልነበረም። አባቴ የሻጩን ስም ከአፉ ላለማውጣት እናቴ ፊት ማለ።

ከማስታወቂያው ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው መስመር ነበር። ማጣራቱ እስኪፈጸም ድረስ ማንም ሰው በቤቱ ላይ ምንም ነገር እንዳይጨምር ይከለክላል። ትኩስ ሲሚንቶ የታየበት ቤት እንደ አዲስ ቤት ይቆጠራል። ያረጀውን ቤታችንን ከጠገንነው አዲስ ይሆንና ይፈርሳል፤ ካልጠገንነው በላያችን ላይ እያፈሰሰ ይቆያል። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ገባ።

ዝናቡ ከባድ ነበር። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ተኛበት፤ የኦቦ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ይውላሉ። ውሃው በሶሌታው ሥር እየተሳበ የፊቱን ግድግዳ አራሰው፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ዘልቆ የአልጋዬን ራስጌ ሻጋታ አለበሰው። እኔ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የሥራ ምደባ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ምደባው አልመጣም። ታክሲ ሲኖር መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት ታክሲው ይጠፋል። ሱቁ በሩን ግማሽ ከፍቶ ይሸጣል። ሥራዬ የመጻሕፍቴን ካርቶን ከእርጥብ ጥግ ወደ ደረቅ ጥግ ማዘዋወር ነበር፤ ደረቁ ጥግ ሲረጥብ ደግሞ ወደ ሌላው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ በመሰለበት ሰዓት፣ ከአባቴ ጋር እስከ አስፋልቱ ወጣን። ለቡራዩ ሰው የጠረባቸውን ከንፈሮች የሚጭን መኪና እናገኝ እንደሆነ ልናይ ነበር። መኪና አልነበረም። መንገዱን ለመዝጋት ከየቦታው የመጡ ድንጋዮች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። አባቴ በመካከላቸው ቆመና አንዱን በእግሩ ገለበጠው፤ ፊቱ ለስልሶ የተጠረበ የማዕዘን ድንጋይ ነበር። እጁን አሳረፈበት። «ይኼ የእኔ ነው» አለ በዝግታ። የት ሠርቶት እንደነበር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንደነበረበት መልሶ ገልብጦት ተመለስን።

የቡራዩ ከንፈሮች ስድስት ነበሩ። ግቢያችን ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረው ከረሙ። ስድስቱም ጉሮሮ አላቸው። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮቱ አያቸው ነበር፤ ግድግዳችን እየረጠበ፣ ግድግዳን ከውሃ ሊያድኑ የተሠሩት ድንጋዮች ከፊቱ ተኝተዋል፤ አንዱንም አንሥቶ መስኮታችን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

በነሐሴ አጋማሽ አባቴ ከዕቃ ቤት የተጋመሰ የሲሚንቶ ከረጢት ይዞ ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ስንጥቁን ልድፈነው። አንድ ማንኪያ ብቻ።»

«በአንድ ማንኪያ ቤቱን ልታስፈርሰው ነዋ!»

«አንቺ ሴት፣ ልጅሽ እኮ ከመጻሕፍቱ ጋር ሊሻግት ነው።»

«ይሻግት! የሻገተ ቤት ያረጀ ይመስላል። መልሰው።»

መለሰው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያረጀ መምሰል የቤተሰቡ ትልቁ ሥራ ሆነ። ንጽሕና በማጓደል ታምታ የማታውቀው እናቴ በሩን መወልወል አቆመች። አባቴ የሚጮኸውን የበር ማጠፊያ ዘይት እንዳላጠጣው ከለከለኝ። የራሳችን ቤት ውስጥ፣ የራሳችንን ቤት ላለመንካት እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ሳይመሽብን፣ ጠላት ሳይከበን፣ በገዛ በራችን ወጥተን መግባት እየቻልን መታሰር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከካርቶኖቼ በአንዱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበረኝ። ስለ ዋሻዎች የሚናገር ምዕራፍ አለው። ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ኖራውን እየተወ ወደ ታች የሚያድግ ድንጋይ እንደሚወልድ፣ ጠብታው ያረፈበት መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ወደ ላይ እንደሚነሣ፣ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ምሰሶ እስኪሆኑ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ እንደሚያልፍ ያትታል። የሰው ዕድሜ ሙሉ ቢጠበቅ ድንጋዩ የጣት ቁመት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዋሻ ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን እርጥብ ጣሪያ ሥር ተጋድሜ ያን ምዕራፍ ሳነብ፣ ያልገባሁበትን ነገር በደንብ የማውቀው መሰለኝ። ቀና ስል በመስኮቱ ጠርዝ የነጮቹን ዘንጎች ጫፍ አየሁ። ቀን የሌለው ውል ነበረን፤ ቀን የሚቆጥር ድንጋይ ግን በራችን ላይ ተሰቅሏል።

ጳጉሜ ሲገባ አባቴ እንደ ልማዱ መሰላሉን አቆመ። ሮጬ ሄጄ መሰላሉን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ተወው።»

«ለምን? እስኪያሽት ልጠብቀው?»

«ምስክር ይሆነናል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለማደግ ዘመናት እንደሚፈጅበት መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ኮሚቴው ሲመጣ ርዝመቱን እናሳያለን።»

«የምን ዘመናት? ይኼ ዐምና ሰብሬው ዘንድሮ የበቀለ ነው።»

«እሱን የምናውቀው እኛ ነን» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ፤ አልመለስኩትም። መጻሕፍትን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ንጹሕ ነገር ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አንዱን ለማታለያ አነሣሁት። አባቴ ከመሰላሉ ሁለተኛ እርከን ላይ ሆኖ ቁልቁል ተመለከተኝ።

«እኔ በድንጋይ ዋሽቼ አላውቅም» አለ።

ሆኖም ወረደ። መሰላሉን ከአጥሩ ሥር አጋደመውና መዶሻውን ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ከአጥሩ ማዶ ላም የሚያልቡት ኦቦ ቀና ብለው ዐዩንና ወደ ላማቸው ተመለሱ። አዲሱን ዓመት የተቀበልነው በነጮቹ ዘንጎች ሥር እያለፍን ነው። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ቀድሞ ይወጣና በሩ መሃል ይቆማል፤ በቁመቱ ሊጋርደው።

ኮሚቴው በጥቅምት አንድ ጠዋት መጣ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሰብሳቢ፣ መዝገብ የታቀፈች ጸሐፊና ሜትር የያዘ ቁመተ ረጅም ወጣት መሐንዲስ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእኛ በላይ ባለው መደዳ ላይ ሁለት ቤቶች ሲፈርሱ አይተን ነበር። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?» ሲል ሰብሳቢው ጠየቀ።

ተዘጋጅቼበት ስለነበር ከአባቴ ቀድሜ ተናገርኩ። ስለ ዋሻ፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ጠብታ፣ ስለ ዘመናት ተናገርኩ። ጸሐፊዋ መጻፍ ጀምራ አቆመች። መሐንዲሱ ግን እስክጨርስ በትሕትና ጠበቀኝ።

«ወንድሜ፣ መጽሐፍህ ልክ ነው» አለኝ፤ «ለዋሻ። ሲሚንቶ ሲያለቅስ እንዲህ አይዘገይም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ከዚህ የረዘመ አይቻለሁ። ይኼ የሚነግረኝ የቤቱን ዕድሜ አይደለም፤ የሠሪውን ጥድፊያ ነው።»

ወደ አባቴ ለመዞር አልደፈርኩም። የሰፈሩ ሰው አጥሩን ተደግፎ ይሰማል። አባቴን ላድን ብዬ ሠላሳ ዓመት የሠራበትን ስም በአደባባይ አስመዘንኩት።

መሐንዲሱ ወደ መዝገቡ ሊዞር ሲል ተመልሶ እጁን ወደ ሶሌታው ሥር ዘረጋ። በአውራ ጣቱ የአንዱን ዘንግ ሥር ዳሰሰ፤ ከዚያም የሌላውን።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ከነጩ ሥር የመሮ ጠባሳ አለ። ጠባሳ በጠባሳ ላይ። ማን ነው ይህን ሲሰብር የኖረው?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ።»

«ለምን፣ አባት?»

«አፍሬ» አለ አባቴ። «ሥራዬ ውሃ ከግድግዳ ማራቅ ነው። ይህን ሶሌታ የሞላነው ሰው እንዳያየን እየተጣደፍን ነበር። ሲሚንቶው ሲሞላ ከሥር ገብቶ የጉሮሮውን ቦይ እንዲቀርጽ ያዘጋጀሁትን ጣውላ ከአጥሩ እንዳስደገፍኩት ረሳሁት። ያየሁት ሲሚንቶው ከያዘ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ክረምት አፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ በየጳጉሜው እሰብረዋለሁ፤ ያየ ሰው ‹ይኼ የማን ሥራ ነው?› እንዳይል ብዬ።»

እኔ በቤት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቅሁትን ጥያቄ በማናውቃቸው ሰዎች ፊት መለሰው። እናቴ የበሩን መቃን ለቀቀችና ወደ እርሱ ጠጋ አለች።

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። «የባለቤቱ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።»

«አከም ቡልተን!» የሚል የማለዳ ሰላምታ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። ኦቦ ነበሩ፤ የወተት ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ክንዳቸውን አጥሩ ላይ አደረጉ። «የመዶሻውን ነገር ነው የምትጠይቁት?»

«አዎ ኦቦ፤ ያውቃሉ?» አለ መሐንዲሱ።

«እንዴት አላውቅም! በየጳጉሜው ላሞቼን ያስደነብርብኛል። የመጀመሪያ ጊዜ ሚስቴን ጠርቼ ‹ነይ እዪ፣ ግምበኛው ለየለት፤ የገዛ ቤቱን በመዶሻ እየመታ ነው› ብያታለሁ። በኋላ ለመድነው። መዶሻው ሲጮህ ዓመቱ አለቀ እንላለን።»

«ስንት ጊዜ መታ?»

ኦቦ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። «ያን ጊዜ ግንባረ ነጯ ላሜ ጊደር ነበረች። አሁን አምስተኛ ጥጃዋን ታጠባለች። ሰባት ጳጉሜ መታ። ባለፈው ጳጉሜ ግን ልጁ መሰላሉን ያዘበት።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። «ኦቦ፣ ላም እኮ ሰነድ አይደለችም!»

«ሰነድስ መቼ ወተት ሰጥቶሽ ያውቃል፣ ልጄ?»

አጥሩ ላይ የተደገፉት ሁሉ ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም። «መሬቱንስ ማን ሸጠላቸው?»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። አባቴ ዐይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ለዚያ ጥያቄ እውነት መልሶ ኦቦን ማጋለጥ፣ ውሸት መልሶ ቤቱን ማጣት፣ ዝም ብሎ ሁለቱንም ማጣት ነበር።

ኦቦ ጀሪካናቸውን አነሡ። «እኔ የተጠየቅሁት ስለ መዶሻው ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የሰማሁትን ተናገርኩ። ሰውየው ሰባት ዓመት ሙሉ አየር አልነበረም የሚመታው።»

ሦስቱ ሰዎች ፈቀቅ ብለው ተነጋገሩ። መሐንዲሱ እጁን እያነሣ ሶሌታውን ያሳያል፤ ሰብሳቢው መዝገቡን ያሳያል። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ቀይ ቀለምና ብሩሽ አመጣች። በቀኙ መስኮትና በበሩ መካከል፣ ውሃው ሁልጊዜ በሚልሰው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ቃል ጻፉ፦ «ይጣራ»።

«ይህ ማለት አልተመዘገበም፣ አይፈርስምም» አለ ሰብሳቢው። «እንደገና እንመጣለን። እስከዚያ ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ፤ ከጠፋ እንዳልታየ ቤት ነው የሚቆጠረው። ደግሞ ምንም ነገር እንዳትጨምሩ።»

ከሄዱ በኋላ አባቴ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቆየ። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ቃል እየመረጥኩ ሳለ «ቦታውን መርጠው ነው የጻፉት» አለኝ፤ «በቤቱ ውስጥ ካለው ግድግዳ ሁሉ እርጥቡ ላይ።»

በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ። ውሃው በሶሌታው ጠርዝ ላይ ደረሰ፣ ተገለበጠ፣ በሥሩ ተሳበ፣ ግድግዳው ላይ ወረደ። «ይ» ደም እንደሚያዥ ቁስል ቀላ ያለ መስመር ወደ ታች ለቀቀች። እናቴ ጃንጥላ ይዛ ሮጣ ወጣችና ግድግዳውን አስጠለለችው። እርሷ ራሷ ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጃንጥላውን ከቃሉ በላይ ዘርግታ ቆመች።

ዝናቡ ሲያቆም አባቴ ጃንጥላውን ከእጇ ተቀበላትና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የተማርከው፣ ቃል በቃል ንገረኝ። ምን ነበር ያሉት?»

«ምንም ነገር እንዳትጨምሩ።»

«ቀንሱስ? እንዳትቀንሱ ብለዋል?»

«አላሉም።»

መሮውን ለማምጣት ሲሄድ እርምጃው የወጣት ነበር።

የጠነከረ ኮንክሪት ከሥር ወደ ላይ መቆፈር ምን ያህል እንደሚያደክም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። አባቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይመታል፤ ዱቄቱ ዐይኑ ውስጥ ይገባል፤ ክንዱ ሲዝል ይወርድና ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። በጠርዙ ርዝመት ክር ወጥሮ መስመር አስምሮበታል። ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ከጽሑፉ በላይ የምትሄድ አንዲት ቀጭን ቦይ። አንዲት የኮንክሪት ቅንጣት ሳትጨመር፣ ስምንት ዓመት የዘገየችው ጉሮሮ በመቀነስ ተሠራች። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ኦቦ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው መሰላሉን ያዙለት።

«ግምበኛው፣ የረሳኸውን ጣውላ አሁን አገኘኸው?»

«ያን ጊዜ እርስዎ አንድደው ሞቀውት ይሆናል እንጂ እኔማ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።»

«ብሞቀውስ? አጥሬን ተደግፎ ያደረ እንጨት የእኔ ነው።»

አባቴ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከላይ፣ በኮንክሪት ዱቄት ነጥቶ። ነጮቹን ዘንጎች አልነካቸውም። ቦይዋን በእነርሱና በጠርዙ መካከል ነበር ያሳለፋት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ኦቦን ጨምሮ አራታችንም ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ውሃው ጠርዙ ላይ ደረሰ። ተገለበጠ። በሥሩ ሁለት ጣት ያህል ተሳበ። ቦይዋ አፍ ላይ ሲደርስ ተንጠለጠለ፤ ወፈረ፤ ሊሻገር የፈለገ ይመስል ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደቀ። ሌላው ጠብታ ተከተለው። ግድግዳው ላይ ቀዩ ቃል ደርቆ ቀረ። ማንም አላጨበጨበም። እናቴ ብቻ ጃንጥላዋን አጠፈችው።

አባቴ በሕይወቱ ከሠራቸው ጉሮሮዎች ሁሉ ይበልጥ የተሳካችው ያቺ ናት እላለሁ፤ የምትጠብቀው ግን አንድ የጥርጣሬ ቃል ነው። ስንጥቆቹ ዛሬም አልተደፈኑም። የአልጋዬ ራስጌ ዛሬም ይሻግታል። ኮሚቴው አልተመለሰም። ቤታችን አልተመዘገበም፣ አልፈረሰም፤ እኛም አልወጣን፣ አልተረጋጋን፤ አባቴ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወጥቶ ፊደሎቹን ያያል።

በሚቀጥለው ጳጉሜ ዘንጎቹ የሁለት ክረምት ዕድሜ ይዘው በዝተውና ወፍረው ነበር። አባቴ መሰላሉን አላቆመም። ምክንያቱን አልተናገረም፤ ምናልባት ምስጢሩ ከወጣ በኋላ የሚደብቀው ነገር ስላልቀረ ይሆናል። በጳጉሜ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ጩኸት መጣ።

«ግምበኛው! መዶሻህ የት ገባ?»

«ዘንድሮስ ልተወው ብዬ ነው፣ ኦቦ።»

«እንዴት ትተወዋለህ? ቆጠራዬን ልታበላሽብኝ ነው? ነገ መጥተው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

አባቴ ጥቂት አሰበ። ከዚያም መሰላሉን አነሣ፤ እኔ ሥሩን ያዝኩለት። ወጣ። የመጀመሪያው ዘንግ ደጃፉ ላይ ወድቆ ሲሰበር፣ ኦቦ ላማቸውን ማለብ ሳያቋርጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ቆጠሩ።

«ስምንት!»